የከተማ ደን ጠባቂው ማን ነው?



በትልቅ ከተማ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳያስቸግረው አይቀርም። ልጆቹ የት ይጫወቱ? ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግቢው የጋራ ነው፤ መንገዱ የመኪና ነው። ዛፍና ሣር ያለበት ቦታ ተፈልጎ ሲገኝ ደግሞ ወላጅን ሁለት ስጋቶች ይይዙታል። አንደኛው፣ ቦታው ነገ በቆርቆሮ ታጥሮ ሕንጻ ይበቅልበት ይሆናል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ልጄን ዛሬ ብልካት በሰላም ትመለስልኝ ይሆን የሚለው ነው። የመጀመሪያው ስጋት እውን ከሆነ ቦታውን እናጣዋለን። ሁለተኛው እውን ከሆነ ቦታው እያለም እንደሌለ ይቆጠራል።

በዚህ ወር ዐምዳችን ሁለቱንም ፈተናዎች ያየ አንድ የከተማ ደን እናነሳለን። ደኑ የሚገኘው በጎረቤታችን በኬንያ፣ በናይሮቢ ከተማ ውስጥ ነው። ካሩራ ይባላል። ታሪኩ ለወላጅም ለወጣትም ብዙ ቁም ነገር ይዟል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደኑና ጎረቤቶቹ

ካሩራ ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተሰሜን ይገኛል። ስፋቱ 1,041 ሄክታር ገደማ ነው። አንድ የእግር ኳስ ሜዳ አንድ ሄክታር እንኳ እንደማይሞላ ላስታወሰ ሰው፣ ይህን የሚያህል ደን በዋና ከተማ ውስጥ መገኘቱ እንዴት ያለ ጸጋ እንደሆነ ይገባዋል። በ1932፣ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን፣ ደን ተብሎ በሕግ ተከለለ። በውስጡ ወንዞች ይፈሱበታል፤ ፏፏቴ አለው፤ ለነጻነት የታገሉት የማው ማው አርበኞች ተጠልለውባቸው ነበር የሚባሉ ዋሻዎችም አሉት።

የደኑ ጎረቤቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። በአንድ በኩል ትልልቅ ግቢ ያላቸው የባለጸጋ ሰፈሮችና የተባበሩት መንግሥታት የናይሮቢ ጽሕፈት ቤት ይገኛሉ። በሌላ በኩል ሁሩማ የሚባል፣ ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ የሆነ መንደር አለ። ለአንደኛው ወገን ደኑ ንጹሕ አየርና ውብ እይታ ነው። ለሌላው ወገን ግን እሳት የሚነድበት ጭራሮ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ ይጠቅመናል።

የመጀመሪያው ፈተና፦ ነጠቃ

በ1990ዎቹ ናይሮቢ እየሰፋች፣ መሬቷም እየተወደደ ሄደ። በዚያ ዘመን ከደኑ ላይ ቁራሽ ቁራሽ መሬት ተሸንሽኖ ለግል ባለሀብቶች መሰጠቱ በ1998 በአደባባይ ታወቀ። ዛፍ ተቆረጠ፤ የግንባታ መሣሪያ ገባ።

ይህን በመቃወም ከቆሙት ሰዎች መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚጠራው ዋንጋሪ ማታይ ናቸው። እኚህ ሴት በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን የመሠረቱ፣ የገጠር እናቶችን ችግኝ በማስተከል የታወቁ ምሁር ነበሩ። በ1989ም በናይሮቢ መሐል በሚገኘው በኡሁሩ ፓርክ ላይ 60 ፎቅ ሕንጻ ሊቆም ታስቦ ሳለ ተሟግተው እንዲቀር ካደረጉት ሰዎች ዋነኛዋ ነበሩ።

ጃንዋሪ 8 ቀን 1999 ዋንጋሪ ማታይ ከደጋፊዎቻቸው ጋር አንዲት ችግኝ ለመትከል ወደ ካሩራ ሄዱ። አብረዋቸው የምክር ቤት አባላትና ጋዜጠኞች ነበሩ። በዚያም በቅጥር የመጡ ጠባቂዎች በዱላና በድንጋይ ወረዱባቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ተፈነከቱ። በፖሊስ ጣቢያ ክስ ሲያስመዘግቡ በገዛ ደማቸው እንደፈረሙ ኋላ ተናግረዋል። ወሬው አገሩን አዳረሰ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ አደባባይ ወጡ፤ የሃይማኖት አባቶችና የሕግ ባለሙያዎች ድምፃቸውን አሰሙ። በመጨረሻም በኦገስት ወር 1999 ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ የሕዝብ መሬት ለግለሰብ መስጠት እንዲቆም አዘዙ። ዋንጋሪ ማታይ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2011 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ወጣቶች ሆይ! አንዲት ችግኝ ለመትከል የወጣ ሰው ይህን ያህል ዋጋ ከከፈለ፣ ዛሬ የምንቀመጥበት ጥላ ዋጋው ስንት እንደሆነ ገምቱ።

ሁለተኛው ፈተና፦ ፍርሃት

ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር እዚህ ላይ ይቆማል። ነጣቂው ተሸነፈ፣ ደኑ ዳነ ይባላል። እውነቱ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት የናይሮቢ ሰው ካሩራ አይገባም ነበር። ደኑ በወረቀት የሕዝብ ነበር፤ በተግባር ግን የወንበዴ ነበር። ሰው ይዘረፍበት ነበር፤ የተሰረቀ መኪና ይፈታበት ነበር፤ የተገደለ ሰው ሬሳ ይጣልበት ነበር። እናት ልጇን «በዚያ በኩል እንዳታልፊ» የምትልበት ቦታ ነበር።

ይህን ልብ ብሎ ማየት ይገባል። ደኑን ከሕንጻ ያዳነው ትግል ከባዶነት አላዳነውም። ሰው ያልገባበት የጋራ ቦታ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጥሩ ሰው ሲለቀው መጥፎ ሰው ይገባበታል፤ መጥፎ ሰው ሲገባበት ጥሩ ሰው ይበልጥ ይርቃል። ይህ ክብ እስካልተቆረጠ ድረስ ፖሊስ ቢመላለስም የሚመጣው ለውጥ ጥቂት ነው። ፖሊስ አልፎ ይሄዳልና። ከዚህም በላይ የሚያስፈራ ቦታ ተከራካሪ አያገኝም። ነገ ሌላ ነጣቂ ቢመጣ «ይህ የሌባ ዋሻ ነው፣ ሕንጻ ቢሠራበት ይሻላል» ቢል ማን ይመልስለታል? ስለዚህ ፍርሃት የነጠቃ ታናሽ ወንድም ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

አጥር፣ በርና የሁሩማ ልጆች

ለውጡ የመጣው በሁለት ነገሮች ነው። የመጀመሪያው ሕግ ነው። ኬንያ በ2005 ያወጣችውና በ2007 ሥራ ላይ የዋለው የደን ሕግ፣ በደን አካባቢ የሚኖር ሕዝብ ማኅበር አቋቁሞ ከመንግሥት የደን አገልግሎት ጋር ደኑን በጋራ እንዲያስተዳድር ፈቀደ። ሁለተኛው ሰው ነው። ወደ 2009 ገደማ «የካሩራ ደን ወዳጆች» የተባለ ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ ከባለጸጋ ሰፈሮችም ከሁሩማም ሰዎችን ያሰባሰበ ነበር።

በመጀመሪያ የታሰበው ደኑን በኤሌክትሪክ አጥር ማጠር ነበር፤ ለዚህም ከለጋሾች ገንዘብ ተሰበሰበ። እዚህ ላይ ግን ያ አስቀድመን በልብ ይያዝልን ያልነው ልዩነት ብቅ አለ። በሁሩማ ሰው ዓይን አጥር ማለት ምን ማለት ነው? ሀብታሙ ደኑን ለራሱ ሊወስደው ነው ማለት ነው። ማገዶ ሊከለከል ነው፣ መተላለፊያ ሊዘጋ ነው ማለት ነው። ስጋቱ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ በብዙ አገር አጥር የታጠረው እንዲሁ ነውና።

ነገሩ የተፈታው በመነጋገር ነው። የሁሩማ ሰዎች በአጥሩ ሥራ ላይ ተቀጠሩ። ችግኝ በማፍላት ሥራ ተሰማሩ። እናቶች የወደቀ እንጨት በሥርዓት እየለቀሙ እንዲወስዱ ተፈቀደላቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የደኑ ጠባቂዎች ከዚያው ከሁሩማና ከአካባቢው ወጣቶች መካከል ተመርጠው ሠለጠኑ። ትናንት «ሌቦቹ ከዚያ ሰፈር ነው የሚመጡት» ሲባሉ የነበሩ ልጆች የደንብ ልብስ ለብሰው እንግዳ ተቀባይና ጠባቂ ሆኑ።

ይህ ምክንያቱ ምን እንደሆነ ማስተዋል ይጠቅማል። ከሩቅ የመጣ ዘበኛ ደኑን ያውቀው ይሆናል፣ ሰውን ግን አያውቅም። የሰፈሩ ልጅ ግን ማን ለማገዶ እንደመጣ፣ ማን ለሌላ ነገር እንደመጣ በእርምጃው ይለየዋል። ደመወዙም ወደ ሰፈሩ ይገባል። ወንድሙ ጠባቂ የሆነበትን ደን የሚያበላሽ ሰው ጎረቤቶቹን ያሳፍራል።

ሰው ሲበዛ

ደኑ በ2011 በሩን ለሕዝብ ከፈተ። የመግቢያ ዋጋው ለአገሬው አዋቂ ሰው ለብዙ ዓመታት 100 የኬንያ ሺሊንግ ገደማ ነበር፤ ለልጆች ከዚያ ያንሳል፤ ከውጭ አገር የመጣ ጎብኚ ግን ብዙ እጥፍ ይከፍላል። የተገኘው ገንዘብ ለጠባቂዎች ደመወዝ፣ ለመንገድ ጥገናና ለችግኝ ይውል ነበር። ደንቦችም ወጡ፦ መኪና ከማቆሚያው አያልፍም፤ ውሻ በማሰሪያ ይያዛል፤ ቆሻሻ አይጣልም። ከጁን 2020 ጀምሮ ደግሞ በኬንያ ደኖችና ፓርኮች ሁሉ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ በሕግ ተከልክሏል።

ውጤቱ ምን ሆነ? ቀስ በቀስ ቤተሰብ መጣ። ብስክሌት የሚነዳ መጣ፤ የትምህርት ቤት ልጆች መጡ፤ ማለዳ ብቻቸውን የሚሮጡ ሴቶች መጡ። ኋላ ኋላ የጎብኚው ቁጥር በወር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሆነ። አንድ ሰው ሲገባ ለሚቀጥለው ሰው ዘበኛ ይሆንለታል፤ ያም ለሌላው። በአንድ መንገድ ላይ በየአምስት ደቂቃው ሰው የሚያልፍ ከሆነ ወንበዴ የሚደበቅበት ጊዜ አያገኝም። አጥሩና ጠባቂው ለቤተሰብ በሩን ከፈቱለት፤ ደኑን ሰላማዊ አድርጎ ያቆየው ግን የገባው ሰው ብዛት ነው።

ዛፉም ተጠቀመ። ቀድሞ ለእንጨት ተብሎ የተተከለው ባህር ዛፍ በየተራ እየተነሣ በአገር በቀል ዛፎች መተካት ጀመረ፤ እንደ የወፍ ቆሎ ያሉ ወራሪ ቁጥቋጦዎችም እየተነቀሉ ነው። ከሌላ ቦታ የመጡ ጉሬዛዎች በደኑ እንዲለመዱ ተደርጎ ዛሬ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ይታያሉ። ይህ እንስሳ በዓለም የሳይንስ መጽሐፍ የተመዘገበበት ስሙም «ጉሬዛ» ነው፤ ቃሉን ሊቃውንቱ የወሰዱት ከአገራችን ነው።

የዑመር ማስጠንቀቂያ

የጋራ መሬትን ከልሎ መጠበቅ ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። «ሒማ» ይባላል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና አቅራቢያ ነቂዕ የሚባለውን ቦታ ከልለው ነበር። ኸሊፋው ዑመርም (ረ.ዐ.) የግጦሽ ቦታ ከልለው ሁነይ የተባለ ሰው ሾሙበት። በቡኻሪ እንደተዘገበው ለዚህ ጠባቂ የሰጡት መመሪያ እጅግ ያስደንቃል። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የታላላቆቹን ባለጸጎች የእነ ኢብኑ ዐውፍንና የእነ ኢብኑ ዐፋንን ከብት ግን እንዲጠነቀቅ አዘዙት። የባለጸጋው ከብት ቢያልቅበት ወደ ተምሩና ወደ እርሻው ይመለሳል፤ የድሃው ከብት ካለቀ ግን ልጆቹን ይዞ ወደ መሪው ደጅ ይመጣል ሲሉም ምክንያቱን አስረዱት። የበደልን ሰው ጸሎት እንዲፈራም አስጠነቀቁት።

እንግዲህ ይህን ከካሩራ ጋር አስተያዩት። ዑመር (ረ.ዐ.) ክልሉን አላፈረሱትም፤ ዘበኛውንም አላነሱም። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ማንን እንደሚያስቀድም ነው ያስተማሩት። የጋራ ቦታ የሚፈተነው በበሩ ነው።

ያላለቀ ጉዳይ

ካሩራ እንከን የለሽ ነው ማለታችን አይደለም። 100 ሺሊንግ ለአንዱ የሻይ ዋጋ ነው፤ ስድስት ልጆች ላሉት የቀን ሠራተኛ ግን መላው ቤተሰብ ሲገባ የእራት ገንዘብ ይሆናል። ይህ ጥያቄ ዛሬም አልተመለሰም፤ በየትኛውም ባለ ክፍያ መናፈሻ ዘንድ ያለ ጥያቄ ነው።

በ2025 ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሣ። የመንግሥት የደን አገልግሎት የመግቢያው ክፍያ በሙሉ በመንግሥት የኤሌክትሮኒክ ክፍያ መስመር ብቻ እንዲገባ አዘዘ። ማኅበሩና ብዙ የናይሮቢ ነዋሪዎች ገንዘቡ ከደኑ ከራቀ የጠባቂው ደመወዝና የመንገዱ ጥገና ምን ይሆናል ብለው ተቃወሙ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። የሁለቱም ወገን አሳብ ሊሰማ የሚገባው ነው። የሕዝብ ገንዘብ በመንግሥት መዝገብ ይታይ ማለት ትክክል ነው። ደኑን በላቡ ያቀና ሰው ገንዘቡ የት እንደደረሰ ይነገረኝ ማለቱም ትክክል ነው። ሂሳቡ በሁሉም ፊት ግልጽ ካልሆነ ዓመታት የፈጀው መተማመን በአንድ ወር ሊናድ ይችላል።

ለእኛስ?

በአገራችንም ዋና ከተማ ከ2019 ወዲህ የአንድነት፣ የወዳጅነትና የእንጦጦ ፓርኮች ተከፍተዋል። ከእንጦጦ ተራራ ወገባቸው ጎብጦ ማገዶ ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩትን እናቶች የማያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው የለም። የሁሩማ እናቶች ጥያቄ የእነሱም ጥያቄ ነው። ከትልልቆቹ ፓርኮች ሌላ በየሰፈሩ የወንዝ ዳርቻ፣ የትምህርት ቤት ጀርባ፣ ጥቂት ዛፎች የቆሙበት ሜዳ አለ።

ተማሪዎቼን «የጋራ ንብረት የማን ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው ብዙውን ጊዜ የሚመልሱልኝ «የመንግሥት» ብለው ነው። አንዳንዱ ደግሞ «የማንም አይደለም» ይላል። ሁለቱም መልሶች ወደ አንድ ቦታ ያደርሳሉ፤ ሁለቱም «እኔን አይመለከተኝም» ማለት ናቸውና። የካሩራ ታሪክ ሌላ መልስ እንድንሰጥ ያስተምረናል። የሚከተሉት ነገሮች ከማንኛውም ቤተሰብ አቅም በላይ አይደሉም፦

ቦታውን ባዶ አትተዉት። በሰፈራችሁ ያለውን ሜዳ ሰዎች ስለፈሩት ብቻ አትሽሹት። ሦስት አራት ቤተሰቦች ተነጋገሩና በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ በቀን ብርሃን አብራችሁ ውጡ። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢፈራ ያስኬዳል፤ አራት ቤተሰቦች ሲሆኑ ግን ለሌሎች አምስት ቤተሰቦች ድፍረት ይሰጣሉ።

የምትፈሩትን ልጅ በስሙ እወቁት። ጥግ ይዞ የሚቀመጠው ሥራ ፈት ወጣት የማን ልጅ ነው? ሥራ ቢያገኝ፣ ኃላፊነት ቢሰጠው ጠባቂ ሊሆን ይችላል። በካሩራ የሆነው ይኸው ነው። እድርና የሰፈር ኮሚቴ ስለ አጥርና ስለ መብራት ሲመክር ስለዚህ ልጅም ይምከር።

ወንድ ልጆቻችሁን ምከሩ። ስለ ሴት ልጆች ደኅንነት ስንናገር ብዙ ጊዜ የምንመክረው ሴቶቹን ብቻ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መንገድ ላይ የሚቀመጥ ሰው የመንገዱን ሐቅ እንዲጠብቅ ሲያዝዙ ዓይንን መስበርን፣ ሰውን አለማስቸገርንና ሰላምታ መመለስን ጠቅሰዋል። የመናፈሻም መንገድ መንገድ ነው። በምትሮጥ ሴት ላይ የሚያፏጭ ወጣት ከአጥር ቆራጩ አይሻልም፤ ሁለቱም ቦታውን ከባለቤቱ ይነጥቁታል።

ያመጣችሁትን ይዛችሁ ተመለሱ። ፌስታሉን፣ ጠርሙሱን፣ የልጁን ዳይፐር። ጥላ ሥር መጸዳዳት በሐዲስ እርግማን የሚያስከትል ተብሎ የተጠቀሰ ተግባር መሆኑን ልጆች ከወላጆቻቸው ይስሙ።

ጠይቁ። በሰፈራችሁ ያለው ባዶ ቦታ በማን ስም ተመዝግቧል? ለመግቢያ የሚከፈለው ገንዘብ የት ይገባል? ቦታው በድንገት ሲታጠር ለምን እንደሆነ በአክብሮት፣ በጽሑፍና በኅብረት ጠይቁ። የጠየቀ ሕዝብ ባለበት ቦታ ነጣቂ ይጠነቀቃል።

ውድ አንባብያን! ዛፍ ለተከለው ሰው ሰውም ወፍም እንስሳም በበሉለት ቁጥር ምጽዋት ሆኖ እንደሚጻፍለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። የሌላ ሰው ልጅ በዛፉ ሥር ያለ ፍርሃት እንድትቀመጥ የጠበቀውም ከዚህ ምንዳ ድርሻ እንዲያገኝ አላህን እንለምናለን። አላህ (ሱ.ወ.) የጋራችን የሆነውን አማና ጠባቂዎች ያድርገን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።